የካስተምን ቦይ ሒሳብ የጠየቅኩ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ በ2004 ዓ.ም. ክረምት፣ ጁባ ውስጥ፣ ካስተም ገበያ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ሰማዩ ሲያጉረመርም ትዝ ይለኛል። በአንዲት ጥያቄ ምክንያት ምግብ ቤቴን ላጣ ነበር። ጥያቄዋን የጠየቅኩት ደግሞ ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ደፋርስ ነኝ፤ የሚያውቁኝ ይመስክሩ። ያን ቀን ግን ያናገረኝ ድፍረት ሳይሆን የዕድር ልማድ ነው።

ስሜ ትርንጎ ይባላል። አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ሳለሁ የሰፈራችን ዕድር ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ከወንዶቹ ጋር ተጋፍቼ የያዝኩት ቦታ ነው። ዕድራችን ውስጥ የማይታለፍ ሥርዓት ነበር፤ አዲስ መዋጮ ከመጠየቁ በፊት ያለፈው ሒሳብ በአባላት ፊት ይነበባል። ሊቀመንበሩ ቢረሳው እንኳ ከኋላ አንዷ እናት ብድግ ብላ «ያለፈው ይነበብልን!» ትላለች። ማንም አይቀየማትም። ስድብ አይደለማ!

ጁባ የመጣሁት ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣች ሰሞን ነው። ያለኝን ሁሉ ሸጬ ካስተም ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች ምግብ ቤት ከፈትኩ። ጠዋት ፉል፣ ከዚያ በኋላ ጥብስና ሽሮ። ከኡጋንዳ ዕቃ ጭነው የሚመጡት ከባድ መኪናዎች የሚያራግፉት እኔ ደጅ ላይ ስለሆነ ሹፌሩም ጫኝ አውራጁም ደንበኛዬ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገበያው አልከፋኝም።

ችግሬ ቦይ ነበር። እነዚያው መኪናዎች የመንገዱን ዳር ቦይ እየደፈጠጡ ደፍነውታል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው መሄጃ ሲያጣ ሰተት ብሎ ወጥ ቤቴ ይገባል። የከተፍኩት ሽንኩርት ሲንሳፈፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ለዚሁ ቦይ እያለ ከነጋዴው በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል። አንድም ወር አላጎደልኩም። ክረምቱ ገባ፤ ቦዩ ግን ወይ ፍንክች። ይልቅስ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፉ ላይ ምን ቢያሠራ ጥሩ ነው? ቅስት በር! ዙሪያውን ባለቀለም አምፖል የተደረደረበት፣ ሠርግ ቤት የሚመስል በር። ከተማው መብራት የለው፣ ጽሕፈት ቤቱ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ሥራ ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። እነዚያ አምፖሎች ሲበሩ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። መንገደኛው ሁሉ ቀና ብሎ አይቶት ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

በዚህ መሀል ነጋዴው ለስብሰባ ተጠራ። በዚያ ዓመት የአገሩ ነዳጅ ቆሞ፣ ዶላር ጠፍቶ፣ ዕቃ ሁሉ እሳት ሆኗል። ለምን እንደተጠራን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ አምጡ ሊሉን ነው።

ጠዋት አማራት በሚባለው ሰፈር ሆቴል ያላቸው ጋሽ መኮንን ደወሉልኝ። ጁባ ያለን ኢትዮጵያውያን እንደ አባት የምናያቸው፣ ሰው የታመመ የታሰረ እንደሆነ ቀድመው የሚደርሱ ሰው ናቸው።

«ትርንጎ፣ እኔ የምፈራው አንቺን ነው» አሉኝ። «ከኋላ ተቀመጪ፣ የተባልሽውን ክፈይ፣ ውጪ። በሰው አገር ነን፤ አደራ።»

«አፌን ሰፍቼ ነው የምሄደው ጋሼ፣ አይስጉ» አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

ስብሰባው በጽሕፈት ቤቱ ግቢ፣ የኒም ዛፍ ሥር ነው። ከፊት የሰፈሩ ባህላዊ አለቃ፣ እዚያ ሱልጣን የሚሏቸው አዛውንት፣ በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስና ክራቫት አድርገው። እኔ ከኛመል ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። ኛመል ከምግብ ቤቴ አጠገብ ልብስ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ደቡብ ሱዳናዊት ብትሆንም ያደገችው ጋምቤላና አዲስ አበባ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይጣፍጣል። የእኔ የጁባ ዓረብኛ ከዋጋ ክርክር ስለማያልፍ የሚባለውን በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች።

ኃላፊው ረዥም ንግግር አደረጉ። ስለ አዲስ አገር፣ ስለ ልማት፣ ስለ ትዕግሥት። በመጨረሻ ከመጪው ወር ጀምሮ መዋጮው እጥፍ እንደሚሆን ተናገሩና ጥያቄ ያለው ካለ ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል።

እኔ እንጃ ምን እንደነካኝ። የዛፍ ጥላ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ መዋጮ የሚል ቃል፤ በቃ፣ ጉለሌ ያለሁ መሰለኝ። ሳላስበው ተነሳሁ።

«ያለፈው ሒሳብ ይነበብልን! ሦስት ተቆጣጣሪም ይመረጥ!» አልኩ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ኛመል በድንጋጤ እጄን ያዘችኝ። «እትዬ ትርንጎ! ምን ሆነሻል?»

ኃላፊው ምን እንዳልኩ ጠየቋት። ልታለዝበው ትችል ነበር፤ ታመመች ብትልልኝ እንኳ ባልተቀየምኳት። እሷ ግን ተነስታ አንድም ቃል ሳታስቀር ደገመችው።

ኃላፊው ረጋ ባለ ድምፅ «ሐበሺያ፣ አንቺ እዚህ እንግዳ ነሽ። ይህ አዲስ አበባ አይደለም» አሉኝ። ቀጥለው «ካላስ!» አሉ፤ በቃ ማለታቸው ነው። ስብሰባው ተበተነ።

በማግስቱ ሁለት የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ፖሊስ አስከትለው መጡ። ሰላምታም የለ፣ በቀጥታ ወጥ ቤት ገቡ። ሲዘንብ ስላደረ ውሃው ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል። ተያዩና «ንጽሕና የለም» ብለው ሠራተኞቼን አስወጥተው በሬን አሸጉት።

አስቡት እንግዲህ! ቦዩን የሚያስቆፍሩት እነሱ፣ ያላስቆፈሩት እነሱ፣ ውሃ ገባብሽ ብለው የዘጉብኝም እነሱ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሥጋ አለ። ሠራተኞቼ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ደጅ ቆመው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እኔ ደግሞ ከዚያች ቆርቆሮ ቤት ሌላ እዚህም ሆነ አገር ቤት ምንም የለኝም።

ጋሽ መኮንን እንደሰሙ ከአማራት በቦዳ፣ ያውም በዚያ ዕድሜያቸው፣ በሞተር ታዝለው መጡ። «አላልኩሽም?» ቢሉኝ አልፈርድባቸውም ነበር። አላሉኝም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጨምረው እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ሆነው ይዘውኝ ኃላፊው ዘንድ ሄዱ።

ኃላፊው በደህና ተቀበሉን፤ ለስላሳ ሁሉ አስከፈቱልን። ነገሩም ቀላል ነው አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሰው ፊት ተነስቼ ተሳስቻለሁ ካልኩ በሬ ያኔውኑ ይከፈታል።

«ትላለች! ምን ገዷት!» አሉ ጋሽ መኮንን፣ ለኃላፊው እጅ እየነሱ። እሳቸውን እንደዚያ ጎንበስ ብለው አየኋቸው። የእኔ ጥፋት ነው ያጎነበሳቸው። «እላለሁ» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ልል ቆርጬ ነበር።

የስብሰባው ቀን ግቢው ሞልቶ ፈሰሰ። ወሬው ካስተምን አዳርሷታል። ሻይ ሻጮቹ ሁሉ ሥራቸውን ትተው መጥተዋል። ጋሽ መኮንን በአንድ ጎኔ፣ ኛመል በሌላው ተቀመጡ። ኃላፊው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

ተነሳሁ። «ተሳስቻለሁ» አልኩ። ኛመል ተረጎመች። ኃላፊው ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

እዚያ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። ጋሽ መኮንንም ቀሚሴን ጎተት አደረጉኝ። ግን የታሸገው በሬ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ፣ ደሜ ፈላ። የት አባቱ አልኩ በሆዴ።

«ምን ላይ እንደተሳሳትኩ ደግሞ ልናገር» ብዬ ቀጠልኩ። «እኛ ጋ የሚያዋጣ ሰው አባል ይባላል፤ አባል ደግሞ ሒሳብ ይሰማል። እኔ በየወሩ ስለማዋጣ አባል የሆንኩ መስሎኝ ነው የጠየቅኩት። እንግዳ ነሽ ተባልኩ። እሺ፣ ደግ፤ እንግዳ አያዋጣምና ከዛሬ ጀምሮ መዋጮው ይቅርብኝ። አባል ከሆንኩ ግን ሒሳቡ ይነበብልኝ።»

ጋሽ መኮንን ቀሚሴን ለቀው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ኛመል ስትተረጉም ከእኔ ንግግር የሷ ረዘመ፤ ከራሷም ሳትጨምርበት አልቀረችም። ስትጨርስ ከሴቶቹ መሀል ማማ ሮዝ ተነሳች። ማማ ሮዝ እኔ ደጅ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ፣ ከማንም ጋር የማትጣላ ዝምተኛ ሴት ናት። «እኔ እንግዳ አይደለሁም» አለች። «እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ነው ያረጀሁት። እኔም ከፍያለሁ። ለሷ ባታነቡላት ለእኔ አንብቡልኝ።» ከኋላዋ ሌላዋ ተነሳች፤ ከዚያ አንድ ጅምላ ሻጭ፤ ከዚያማ ማን ቀርቶ!

ሱልጣኑ በበትራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና አንድ ቃል ተናገሩ። «ይነበብ።»

ኃላፊው ግንባራቸውን ጠረጉ። ጸሐፊው ወረቀቱን ከቢሮ አምጥቶ ማንበብ ጀመረ። የቅስት በር ብረት። የቅስት በር ቀለም። አምፖል። አሁንም አምፖል። በየመሀሉ ማማ ሮዝ «ቦዩስ?» ትላለች። ጸሐፊው እንዳልሰማ ሆኖ ይቀጥላል። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለበዓል እንግዶች ምሳ፣ ከሐበሺያዋ ምግብ ቤት።»

ክው አልኩ። እውነት ነው! በነፃነት በዓሉ ሰሞን ጽሕፈት ቤቱ አዝዞኝ ለእንግዶቹ ምሳ ሠርቻለሁ። ከየት አምጥተው እንደከፈሉኝ አልጠየቅኳቸውም፤ የትኛው ምግብ ቤት ይጠይቃል?

ኃላፊው ነፍስ ዘሩ። «ይኸው!» አሉ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው። «የቦዩን ገንዘብ የበላችው ራሷ ናት!»

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን አልተቀመጥኩም።

«ምሳውን እኔ ሠርቻለሁ፤ ጥሩ ምሳ ነበር፣ የበላችሁ ታውቃላችሁ» አልኩ። «እኔ የሸጥኩላችሁ ግን ጥብስ ነው። ቦይ ከእኔ አልገዛችሁም።»

ኛመል ተርጉማ ሳትጨርስ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሱልጣኑ እስኪያስላቸው ሳቁ። ጋሽ መኮንን እንኳ ጣቶቻቸውን ከፈት አድርገው አጮለቁ።

ያን ቀን እጥፉ መዋጮ ቀረ። የቦዩ ገንዘብ በጽሕፈት ቤቱ እጅ መሆኑ ቀርቶ ነጋዴው የመረጣቸው ሦስት ሰዎች እንዲይዙት ተወሰነ። ኛመል፣ አንድ ኡጋንዳዊ ጅምላ ሻጭ፣ ሦስተኛዋ እኔ። ሱልጣኑ ራሳቸው የሴትዮዋ በር ዛሬውኑ ይከፈት ብለው አዘዙ፤ ሳይመሽ ተከፈተ። ሥጋው ተበላሽቶ ስለነበር አውጥቼ ጣልኩት። ኃላፊው ወንበራቸው ላይ አሉ፤ ቅስት በሩም ቆሟል። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ቦዩ ግን ዝናቡ ሳያበቃ ተቆፈረ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ተገነባ።

ሥራው ሲያልቅ እዚያው ዛፍ ሥር ተሰብስበን ኛመል እየተረጎመችልኝ ሒሳቡን የማነበው እኔ ሆንኩ። ያለችኝን ጥሩ ቀሚስ ለብሼ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር የቆምኩት። ምስጋና ነበር የጠበቅኩት፣ ምን ልደብቅ።

መሀል ላይ ስደርስ ማማ ሮዝ «ቆዪ» አለችኝ። «ሲሚንቶው ላይ ተመለሺ። ተረፈ ያልሽው የት ነው ያለው?»

እኔን? በሬን አሳሽጌ፣ አዛውንት ሰው አዋርጄ ያመጣሁትን ሒሳብ እኔኑ ትጠይቀኝ? ንዴቴ እስከ አናቴ ወጣ። አፌ ላይ የመጣው ስድብ ነበር። ወዲያው ዓይኔ ከኃላፊው ጋር ተጋጨ። ከፊት ቁጭ ብለው፣ ምን ትል ይሆን ብለው በጉጉት ያዩኛል። ስድቡን ዋጥኩት።

«ምግብ ቤቴ ጓዳ ውስጥ ነው። መጥተሽ እዪው» አልኳት።

«አያለሁ» አለች፣ ሳታፍር። እንዳለችውም መጣች። ጓዳዬ ገባች፣ ሲሚንቶውን በእጇ ደባብሳ አየችው፣ «ኩዌስ፣ ጥሩ» ብላ ወደ ሻይዋ ተመለሰች።

ዛሬ ሳስበው፣ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝም አያውቅም። ካስተም ገበያ ከገባሁ ጀምሮ ሐበሺያ፣ እንግዳዋ፣ ባለ ጥብሷ እየተባልኩ ኖሬያለሁ። ሲሚንቶው የት ገባ ብላ ፊት ለፊት ያፋጠጠችኝ ማማ ሮዝ ናት፤ እንግዳን እንዲህ አድርጎ የሚጠይቅ ማን አለ?