ከወረርሽኙ በኋላ፣ ወደ አምበር

በዚያ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በደብረ ማርቆስ መውጫ ከእኔ ጋር የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ ጡረተኛው የእንስሳት ሐኪም፣ አብሮ አደጌ የሆነው የቀድሞ ቀያሽ፣ በዕድሜ ከሁላችን የሚያንሰው ነርስ፣ እኔን ልታስቀር የመጣችው ልጄ። ልጄን ሳልቆጥር፣ እኔ በመምህርነቴ እነርሱም በየሙያቸው፣ አራታችንም በሥራ ዘመናችን ገጠሩን በሞተር ብስክሌት ያካለልን ነን፤ በዓመት አንድ ቀንም እስከ አምበር ከተማ በአስፋልቱ ላይ እንሽቀዳደም ነበር።

ቀድሞ ስድስት ነበርን። ወረርሽኙ ሲገባ ውድድሩን አቋረጥን፤ ሁላችንም ዳግም እስክንሰበሰብ ማንም ሞተሩን እንዳያስነሣ ተማማልን። ሁለቱ በዚያው በሽታ አረፉ። እኛም ቃላችንን ስንጠብቅ ቤንዚኑ በየታንከሩ ተበላሸ። ሦስቱ ወዳጆቼ በዋዜማው ሞተራቸውን ለመካኒክ ሰጥተው አስጠረጉ። እኔ ግን ያም መሐላ ማፍረስ መስሎኝ አዲስ ቤንዚን ከመጨመር በቀር አልነካሁትም።

ደንባችን ከአራት ሰው በታች ውድድር የለም ይላል። እኔ ከቀረሁ ነገሩ ለዘለቄታው ያበቃል ማለት ነው። በሽታው ሳንባዬን እንደጎዳው ግን ከልጄ በቀር ለማንም አልተናገርሁም ነበር።

ሞተሬን ሦስት ጊዜ ረገጥሁት፤ አልተነሣም። ትንፋሽ አጠረኝና ከመንገዱ ዳር ተቀመጥሁ።

«መምህር፣ ጸሎት እያደረሱ ነው?» አለ ነርሱ። «እኛ አምበር ደርሰን እንመለስ?»

«ሰበብ ነው» አሉ ሐኪሙ። «ያኔም የመጨረሻው እርሱ ነበር።»

ይህን ሲሉ ማናቸውም አልተጠጉኝም። በውድድር ቀን ባለቤቱ ሳይጠይቅ የሰው ሞተር መንካት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔ ደግሞ መጠየቅ የማልወድ ሰው ነኝ።

«ሳንባዬ ታሟል» አልሁ በመጨረሻ። «ደብቄያችሁ ነው። ግፉኝ።»

ቀያሹ ሄልሜቱን አወለቀ። «ይህችን ለመናገር ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የፈጀኸው?»

ተነሥቼ ሞተሩ ላይ ስወጣ ልጄ ከኋላዬ መጥታ ኮርቻውን ያዘች። «አባዬ፣ ከአርባ እንዳታስበልጥ።»

«ሲያስበልጥ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አላት ቀያሹ።

አራቱም ቁልቁለቱን ገፉኝ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ተነሣ። በመንገድ ላይ ለትንፋሽ ሁለት ጊዜ ቆምሁ። አምበር ስደርስ ሦስቱ ለሚመጣው ዓመት ቀን ሊቆርጡ ይከራከሩ ነበር፤ የእኔንም ሐሳብ ጠየቁኝ። ከስድስታችን የቀረነው አራት ነን፤ አምበር የገባነውም አራት።