መስመር የነካው ቀስት

የደረቀ የሰሊጥ አገዳ ሽታ ዛሬም ደረቴን ይቆረቁረኛል። ትናንት ከአብደራፊ አገዳ ጭኖ የመጣ መኪና በደጃችን ሲያልፍ ሽታው ቤት ድረስ ገባ። ልጠጣው ያነሣሁትን ውሃ ተውሁት።

የመተማ ስካውቶች የቀስት ኢላማ ከዚያ አገዳ ነበር የሚሠራ። በጆንያ እንጠቀጥቀውና ፊቱን በከሰል አምስት ክብ እናሰምርበታለን። ደጋኑ ሽመል ነበር። የስካውቶቹ መምህር ጥብቅ ሰው ነው፤ ልጅ በጓሮው ቀኑን ሙሉ ኢላማ ቢመታ አይቆጠርለትም። የሚቆጠረው እሱ ቆሞ ያየው ብቻ ነው። ቀስትም እሱ ሳያይ አይነቀልም።

መዝገቡን የምይዘው እኔ ነበርሁ። ፊደል የለየሁት ካደግሁ በኋላ፣ በመጋዘን ጆንያ ላይ የተጻፈውን እያየሁ ነውና፣ በእጄ የጻፍሁት ሐሰት እንዳይሆን እፈራ ነበር። የመካከሉ ክብ አምስት፣ ቀጥሎ ያለው አራት ነጥብ ነው። ቀስት መስመር ከነካ ከፍተኛው ይጻፋል። ይህን ለልጆቹ ያስረዳሁት እኔው ነኝ።

የማዕረግ ፈተና ቀን ደረሰ፤ በአሥር ቀስት አርባ ነጥብ ያገኘ ማዕረጉ በደረቱ ይሰፋለታል፤ በሳምንቱም ጎንደር ለካምፕ ይሄዳል። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። በዘጠኝ ቀስት ሠላሳ አምስት ይዛለች። የቀራት አንድ ቀስት፣ አምስት ነጥብ ነው።

የራሱን ልጅ ሊያይ የመጣ አንድ ባለሱቅ ከጥላው ሥር ሆኖ ጮኸ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ! ጸሐፊው አባት፣ ተኳሿ ልጅ! ዛሬማ ቀስቷ ሱዳን ብትወድቅም አምስት ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ወረወረች። ኢላማው ዘንድ ስደርስ ቀስቱ የመካከሉን ክብ የከሰል መስመር ለሁለት ከፍሎት ቆሟል። ሳቁ ግን ገና ከጆሮዬ አልወጣም። መምህሩ ሳይደርስ ነቀልሁት።

«አራት» ብዬ ጻፍሁ።

መምህሩ ባዶውን ቀዳዳ አየ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ባለሱቁ ደንግጦ መጣ። «ኧረ እኔ ተጫወትሁ እንጂ! በእኔ ቀልድ ልጅቷን እንዳትበድላት!»

«ሕግ ሕግ ነው» አልሁት። አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ኮርቼ ነበር።

መምህሩ በሌላ ቀን እንድትደግም ነገራት። በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች፤ ደጋኑን ግን ዳግመኛ አልነካችውም። ማምሻውን ቤት ስገባ ወፍራም ሹራብ ስታጣጥፍ አገኘኋት። ከሐሩር በቀር የማታውቅ ልጅ።

«የማን ነው?»

«ጤና ጣቢያ የሚሠሩት እትዬ ናቸው ያዋሱኝ። ጎንደር ይበርዳል ብለው። ነገ እመልሳለሁ።»

ለልጁ የሚያዳላ አባት ይታማል፤ እንዳይታማ ብሎ ልጁን የሚበድል ግን ይመሰገናል። እኔም ብዙ ዓመት ተመስግኛለሁ። ሁለቱም ግን ሐሰት ጽፈዋል። የእኔው ደግሞ ይብሳል፤ ጽድቅ አስመስየዋለሁና።

ዛሬ ልጄ በገለጉ ከተማ መምህርት ናት። ባለፈው ክረምት መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ መምጣት ባቃታት ጊዜ በስልክ ነገርኋት።

«ያን ቀን አራት ያልሁት አምስት ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አባባ። ቀስቶቼን ልሰበስብ ከኋላዎ መጥቼ እኮ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትናገሪ ቀረሽ?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አባቴ ዋሹ ልበል?»

 መልሴንም ሳትጠብቅ፣ ቶሎ ብላ የሚያመኝን ጉልበቴን ተሽሎኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።