የጋሽ ከድር አፍንጫ

እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ። ባለፈው ከዓለም ባንክ ሰፈር ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ አንዱ ጎልማሳ በማዳበሪያ የጠቀለለውን ጄሪካን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው። ወያላው "ወንድሜ፣ ልታነደን ነው እንዴ?" ሲለው "ባዶ ነው" ይላል። ባዶ አልነበረም። ቤንዚን ከመቶ ሽታ መሃል እለየዋለሁ። ኮልፌ እስክደርስ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ያመመኝ መስሏት ውሃ ሰጠችኝ። እኔ ግን ጋሽ ከድርን ነበር የማየው።

ጋሽ ከድር ጎረቤታችን ነበር። ግቢያችንን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጅማ ወርዶ ቡና ጭኖ ይመጣል። ያኔ ኮልፌ ጭቃና ባሕር ዛፍ ነው። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ የቤታችን ጣራ ይንቀጠቀጣል፣ ዶሮዎቹ አልጋ ሥር ይገባሉ። እማዬ "ያ አውሬ መጣ" ትል ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሾፌር ጓደኞቹ እሱ በር ላይ መኪና እያጠቡ ይተራረባሉ። የተሳሳተ ሰው ስሙ ይቀየራል። አንዱ ማደያ ውስጥ የመቅጃውን ጎማ ሳይነቅል ነድቶ ሄዶ "ጅራቱ" ተባለ። ሌላው የናፍጣ ጋኑን ውሃ ሞልቶት "ቧንቧው" ሆኖ ቀረ። ጋሽ ከድርም አንድ ጊዜ የናፍጣ መኪናው ላይ ቤንዚን ቀዳበትና መንገድ ላይ ቆመ። "ምነው ከድር፣ መኪናዋን ልትድራት ነው ሽቶ የቀባሃት?" እያሉ ሳቁበት። እሱም ሳቀ፣ ግን ዓይኑ አልሳቀም። ባለ መኪናው "ሁለተኛ ብትደግማት ቁልፌን አስረክበህ ትሄዳለህ" ብሎታል። ጋሽ ከድር አምስት ልጅ ነበረው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ጠራኝ። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሁለት ታኒካ ፊቱ አስቀምጧል።

"ብርቄ፣ ነይ እስቲ። ይሄ ምን ይሸታል?"

"ቤንዚን።"

"ይሄኛውስ?"

"ናፍጣ።"

ታኒካዎቹን ወደ ጎን ገፋቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔ ምንም አይሸተኝም" አለኝ። "ስንት ዓመት ሙሉ ናፍጣ በጎማ በአፌ ስስብ ኖሬ፣ አፍንጫዬ ሞተ። እጄም ሁሌ ቅባት ስለሆነ በመዳሰስ አልለየውም። ለማንም እንዳትነግሪ። ለዘይነባም ቢሆን።"

ዘይነባ ሚስቱ ነች። አንድ ቀን እማዬ ጋ መጥታ "ሰውዬውን ምን ነካው? ወጡ አጠገቡ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲሞላ ዝም ብሎ ተቀምጧል" ስትላት ሰማሁ። እማዬ አማተበች። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ፤ እንዳላወጣው ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ናፍጣው ለመኪናው ነው፣ ቤንዚኑ የሞተር ዕቃ ማጠቢያ። በብርድ ጊዜ ደግሞ ሞተሩ ጠዋት አልነሳ ይላል። ሾፌሮቹ ጨርቅ ናፍጣ ውስጥ ይነክሩና ሞተሩ ሥር ያነዱታል። ናፍጣ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው፣ እንደ ቤንዚን ሰው ላይ አይዘልም። እኔ ጠዋት ጠዋት ወጥቼ አሸታለሁ፤ "ይሄ ነው ጋሼ" ስለው ራሴን ዳበስ አድርጎ ይሄዳል። ኮልፌ ውስጥ ከትልቅ ሰው ጋር ምስጢር ያለኝ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የታኅሣሥ ብርድ ነው። ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ጥርቅም ብሏል። ያን ዕለት ጠዋት ውሻችን እንኳ አልጮኸም። ጋሽ ከድር አንዱን ታኒካ አንስቶ በቀዳዳው አስጠጋልኝ። አሸተትኩ። ምንም የለም። ድጋሚ አሸተትኩ። ምንም። አይሸተኝም ብል ሌላ ልጅ የሚጠራ መሰለኝ።

"ናፍጣ ነው ጋሼ።"

ትንሽ አየኝ። "እርግጠኛ ነሽ?"

"አዎ።"

ሄደ። በቀዳዳው መኪናው ሥር ሲገባ እግሩን አየሁት። ክብሪት ሲጫር ሰማሁ። ከዚያ አውሎ ነፋስ በር ሲበረግድ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ መጣ፣ የመኪናው ሆድ ሰማያዊ ሆነ። ጋሽ ከድር አልጮኸም። የሚነዱ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው ተሸክሟቸው ወጣ። የጮኸችው ዘይነባ ነች።

ነፍሱ ተረፈች። ጣቶቹ ግን እንደ ደረቀ ቅጠል ተኮማትረው ቀሩ፤ መሪ አይጨብጡም። ቁልፉን አስረከበ። ሾፌሮቹ ሊጠይቁት መጡና ያው ልማዳቸው ነው፣ "አንተ ክብሪቱ፣ አፍንጫህን የት ጥለኸው ነው?" አሉት። በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አየኝ። "ግድ የለሽ ሆኜ ነው፣ ሳላሸት" አላቸው።

ሲወጡ ጠብቄ "ጋሼ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር" አልኩት።

"ድምፅሽ ተዘግቶ እንደነበር ሰምቻለሁ" አለኝ። "ሰምቼ ነው ክብሪቱን የጫርኩት። አንቺ ልጅ ነሽ። ሁለተኛ እንዳታነሺው።"

አላነሳሁትም። መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ልጆቹን አሳደገ። ክብሪቱ እንደተባለ ኖረ፣ ክብሪቱ እንደተባለ ተቀበረ። ትልቁ ልጁ አብዱ ዛሬም ሱቁ በር ላይ ስለ አባቱ ሲያወራ "እሳት ላይ ቤንዚን የሚደፋ ግድ የለሽ ነበር" ይላል። ይስቃል። እኔ ስኳሬን ይዤ ሹልክ እላለሁ።

ግድ የለሽ አልነበረም። ይሄን ጽፈሽ ስትጨርሺ አብዱ ሱቅ እንሄዳለን። አንቺ ታነቢለታለሽ፤ እኔ ፊቱ እቆማለሁ።