የመንደራቸው ቋንቋ በእንግዳ ፊት

ሰዉ ሁሉ ቤቱ በባንክ በሚወረስበት በዚያ ሰሞን፣ በስደት በምኖርባት በዩለስ ከተማ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት እንከባከብ ነበር። እማማ ነበር የምላቸው። እሁድ እሁድ እህታቸው ከአገር ቤት ስትደውል በመንደራቸው ቋንቋ ያወራሉ፤ ድምፃቸው ይወፍራል፣ ሳቃቸውም ይለወጣል። እህታቸው ስትሞት የሚያወራቸው ጠፋ።

አንድ ቀን ዴንተን ከምትባል ሌላ ከተማ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድምፅ መቅረጫ ይዞ እንደሚመጣ ደውሎ ነገረን። በመጽሐፍ የሚጻፈው ጣሊያንኛና የመንደሩ እንዴት እንደሚለያዩ ነው የሚያጠናው። ምን ያህል እንደሆነ ሳይነገር ወይን ወይም ዳቦ ሲጠራ፣ በአንዱ ከፊቱ አንዲት ትንሽ ቃል ትገባለች፤ በሌላው ትቀራለች ወይም በሌላ ትተካለች። ሳቄ መጣ። ለዚች ብሎ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ ይነዳል? እኛ «ወይን ጠጣሁ» ብለን እናልፈው የለ!

ቢሆንም እንግዳ ነው። ጠዋት ፀጉራቸውን አበጠርኩላቸው፣ ሰማያዊ ሹራባቸውን አለበስኳቸውና፣ «እማማ፣ የሚቀረጽ ነገር ነው፤ ጥሩውን ጣሊያንኛ ይናገሩ፣ ኦኬ?» አልኳቸው። ማንም አላዘዘኝም። በልጅነቴ ከጎጃም አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሄጄ፣ እንግዳ በገባ ቁጥር «አነጋገርሽን አስተካክይ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ጨዋነት እሱ ይመስለኝ ነበር።

ልጁ «በመንደርዎ እንዴት ነው የሚሉት?» ሲላቸው እንኳ ለትሕትና ያለው መሰለኝ። እማማ ልጁ ያሳያቸውን የወይን ብርጭቆ ሥዕል አይተው በዚያ በወፍራሙ ድምፃቸው ጀመሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «አይሆንም» ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። አቋረጡና ጥሩውን ተናገሩ። ከዚያ በኋላ አልተሳሳቱም። ልጁ ቅር ብሎት በሌላ ቀን እንደሚመለስ ነግሮን ሄደ።

ከመመለሱ በፊት እማማን ስትሮክ መታቸው። ተረፉ፤ አንደበታቸው ግን አልተመለሰም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የኔ ጥፋት እንዳይወጣ ማድረጌ ነው፤ እስከዛሬም ይቆጨኛል።

ልጁ ቅጂውን በሲዲ አምጥቶ ሰጠኝ። አልጋቸው አጠገብ ከፈትኩት። ወፍራሙ ድምፅ ጀመረ፣ ተቋረጠ፣ ጥሩው ጣሊያንኛ ተከተለ፤ ከኋላውም የራሴ ድምፅ፦ «ጎበዝ እማማ! እንዲህ ነው እንጂ!»

እማማ በደህናው እጃቸው ወደ ማጫወቻው አመለከቱ። ወደኋላ መለስኩላቸው። አሁንም አመለከቱ። እስኪያርፉ ድረስ በየቀኑ ያችን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ከፈትኩላቸው፤ ሁልጊዜ እኔ ያስቆምኳት ቦታ ላይ ትቆማለች።