እድራችን ለሁለት የተከፈለበት ቅዳሜ

ሬክስዴል፣ ጎህ ሲቀድ

የሌሊት ሺፍቴን ጨርሼ፣ ዓይኔ ሳይከደን ጋሽ ዘውዱን ልወስድ ወጣሁ። ሰባውን ያለፉ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ጎረቤቴ ናቸው። በፕላስቲክ የተጠቀለለ አበባ ይዘው የሕንፃችን ሎቢ ቆመው ነበር። የእድራችን ስብሰባ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ነው፤ ቦታው ደግሞ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ በምሥራቅ ያለው ክሬሰንት ታውን። የቀረ ይቀጣል! ዛሬ እኛ በምዕራብ ጫፍ ያለነው የሬክስዴሎቹ ለብቻችን እድር እንሁን ወይስ አንሁን ተብሎ ድምፅ ይሰጣል። የኔ ሐሳብ የታወቀ ነው፤ እንገንጠል፣ ስብሰባው እዚሁ ሰፈራችን ይሁንና ቅዳሜዬን ልተኛበት።

ባቡር ውስጥ

አውቶቡሱ ዘገየ፤ ባቡሩም ብሉር መስመር ላይ ደርሶ መሐል መንገድ ቆመ። ወለሉ በበረዶ ጭቃ ጨቅይቷል። ከሺፍት የሚወጣውም የሚገባውም ፊቱ አንድ ዓይነት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ። አጠገባችን ያለው ሰውዬ ስልኩ ላይ አልበርታ የሚባለው ክፍለ ሀገር ከአገሩ ስለ መገንጠሉ ክርክር ከፍቷል። ጋሽ ዘውዱ ምን እንደሚሉ ጠየቁኝ። ሕዝቡ ድምፅ ይስጥበት አይስጥበት እየተባባሉ ነው አልኳቸው።

«ሲለያዩ ሙታኑን ማን እንደሚወስድስ ተነጋግረዋል?» አሉኝ።

እኔ ግን ግማሽ እንቅልፍ ላይ ስለነበርኩ መስኮቱን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ክሬሰንት ታውን፣ ረፋድ

የሕንፃው ምድር ቤት አዳራሽ ሞልቷል። ሳምቡሳ፣ ሻይ በወረቀት ኩባያ፣ የሚነጫነጭ ሕፃን። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ሰብለ የመጣ ሁሉ እጁን የማውጣት ግዴታ አለበት ብለው ጀመሩ። ታክሲ ነጂው ከድር አልተዋጠለትም፤ መምጣቱም በግዴታ፣ መምረጡም በግዴታ ከሆነ ምኑን ምርጫ ሆነው ብሎ ተከራከረ። ቀጥሎ የስም ነገር መጣ። እድሩ የአገራችንን ስም ይዟል፤ ከተለያየን ማን ይወስደዋል? የምሥራቆቹ፣ እድሩ የተመሠረተው እዚህ ስለሆነ ስሙ የኛ ነው አሉ። የኛዎቹ ደግሞ የአገር ስም በባቡር ፌርማታ አይከፈልም አሉ። አንዲት ወጣት አዲስ ስም ፒክ አድርገን እንሂድ ብትል ሽማግሌዎቹ ተቆጧት። ሰዓቱ ሄደ፣ ሳምቡሳው አለቀ፤ ስሙ ሳይቆረጥ ወደ ድምፅ ተገባ።

እንገንጠል ሲባል እጄን አወጣሁ። ጋሽ ዘውዱ ለዚህም ለዚያም አላወጡም፤ ወይዘሮ ሰብለም አይተው እንዳላዩ አለፏቸው። እንገንጠል ያልነው አሸነፍን። ጥቂት ሰው አጨበጨበ፣ ሌላው ካፖርቱን መፈለግ ጀመረ።

መቃብሩ ጋ

ከስብሰባው እኔና ጋሽ ዘውዱ እንደ ወትሮው በአውቶቡስ ወደ መቃብሩ ሄድን። ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ ያረፉት በዚሁ በምሥራቁ በኩል ነው፤ የቀበራቸውም እድሩ ነው። ጋሽ ዘውዱ ይህን ሁሉ መንገድ ብቻቸውን አይችሉትም። በየወሩ የሚያዩአቸው እኔ ለስብሰባው ስመጣ አብረው እየመጡ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እጄን ሳወጣ ግን ትራሴን እንጂ እሳቸውን አላሰብኩም። በረዶውን በጓንታቸው ጠርገው አበባውን አስቀመጡ። ከወትሮው ረዘም አድርገው ቆሙ።

ሬክስዴል፣ አመሻሽ

ጋሽ ዘውዱ በራቸው ላይ ቁልፋቸውን እየፈለጉ፣ «ተባረክ ልጄ። ከእንግዲህ እዚያ ድረስ የሚያስኬድህ መቀጮ የለብህ፣ ቅዳሜህን ተኛ» አሉኝ።

«በሚቀጥለው ወርም እንደ ዛሬው ሎቢ ይጠብቁኝ።»

«ግዴታ የለብህም እኮ።»

«የለብኝም» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና አበባውን በጊዜ እገዛለሁ ብለው ገቡ። እኔም አሳንሰሩ እስኪመጣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ወይ የቅዳሜ እንቅልፌ!