አልቃሿ ስለ ወንድሜ የጠየቁኝ

ረቡዕ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንድሜ በራፉ ላይ ተቀምጦ ለመዶሻው አዲስ እጀታ ይጠርባል። የግንቦት ማለቂያ ነው፤ ዝናቡ በዚያ ዓመት ቀደም ብሎ ጀምሯል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖረናል። እሱ አናጺ ነው፣ የቤት ጣሪያ ይከድናል። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በሰባት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ።

ምሳ ምን እንደበላን አላስታውስም። ማስታወስ ነበረብኝ። የማስታውሰው ደብተሬን ነው።

ያኔ ጸሐፊ ለመሆን ወስኜ ነበር። የትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ አርብ አርብ ይሰበሰባል፤ በዚያ ሳምንት ተራው የእኔ ነበር። ክበቡን የሚመራው የአማርኛ መምህራችን፣ ገጸ ባሕርይ ሰው እንዲሆን ከተፈለገ ጸሐፊው ስለ እሱ ሁሉን ማወቅ አለበት ይለን ነበር። ስለዚህ በደብተሬ መጨረሻ ገጾች ላይ ስለ ገጸ ባሕርዬ እመዘግብ ነበር፦ ቁመቱን፣ የሚወደውን፣ የሚፈራውን፣ ከሰው የደበቀውን።

ገጸ ባሕርዬ አናጺ ነው። አናጺ ያደረግሁት ወንድሜን የማውቅ ስለመሰለኝ ነበር። ግን እሱ ራሱ ለልብ ወለድ አይሆንም ብዬ አሰብኩ። ብዙ አይናገርም። ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ምን ይጻፋል? ስለዚህ ለአናጺዬ መልካም ድምፅ ሰጠሁት፤ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲያንጎራጉር መንገደኛው ቆሞ ያዳምጠዋል። አመሻሽ ላይ ሲመለስ የሰፈሩ ሕፃናት ከረሜላ እንዲሰጣቸው መንገድ ላይ ይጠብቁታል። ጥላው የሄደች እጮኛም ነበረችው።

ወንድሜ እጀታውን አስቀምጦ ደብተሬን አነሣ። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ገጽ እንደጨረሰ ሳቀ።

«አንተ ደራሲ፣ ይኼ ሰውዬ ምስማሩን ሱሪው ኪስ ነው የሚከተው?»

«ታዲያ የት ይክተት?»

«አፉ ውስጥ ነዋ። ኪሱ ከከተተው መሰላል ሲወጣ ጭኑን ይወጋዋል። ደግሞ አፉ ምስማር ሞልቶት እንዴት አድርጎ ነው የሚዘፍነው?»

ተናደድኩ። ልብ ወለድ ማለት ይህ እንደሆነ፣ እሱ እንደማይገባው ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ቆየት ብሎ፣ ከሰዓት በኋላ አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። ረዳቱ ለእርሻ ወደ አገሩ ሄዶበታል። ከከተማው ዳር የሚከድነው ቤት አሥር ቆርቆሮ ያህል ነው የቀረው፤ እኔ ከታች ካቀበልኩት ሳይመሽ እንጨርሰዋለን። «በዚያውም አናጺ ታያለህ» አለኝ።

አልሄድኩም። ለአርብ የማነበውን መጨረስ አለብኝ አልኩት። እውነቴን ነው፣ አላለቀም ነበር። ስለ አናጺ ስጽፍ አናጺውን የማይበት ጊዜ አጣሁ። መሣሪያውን ይዞ ብቻውን ወጣ። ሲመለስ ግማሹ እንደቀረው፣ ጠዋት ተመልሶ እንደሚወጣ ነገረኝ። ሌላ ያወራነው ነገር ይኖር ይሆናል። ከደብተሬ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሐሙስ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከክፍል አስጠሩኝ። የዚያ ቤት ባለቤት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ደጅ ቆሟል። ወንድምህ ትንሽ ተጎድቷል አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን አርጥቦት ኖሯል፤ እግሩ አዳለጠው። ያሳፈረኝ የጭነት መኪና ሆስፒታሉን አልፎ እናታችን ወደምትኖርበት ገጠር የሚወስደውን መንገድ ሲይዝ ነው ነገሩ የገባኝ። ወንድሜ ከኋላ፣ መጫኛው ላይ፣ በጋቢ ተሸፍኖ ነበር።

ረቡዕ ብንጨርሰው ኖሮ ሐሙስ እዚያ ጣሪያ ላይ አይወጣም ነበር። ይህን ያለኝ ሰው የለም። እኔ ነኝ የምለው።

ቤት ስንደርስ ሰዉ ከእኛ ቀድሞ ሰምቶ ግቢውን ሞልቶታል። ያገራችን አልቃሽ የእናቴ የሩቅ ዘመድ ናቸው፤ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ለለቅሶ ይጠራሉ። ሙሾ ከማውረዳቸው በፊት ዘመዱን አንድ በአንድ ወደ ጥግ እየጠሩ ስለ ሟቹ ይጠይቃሉ። እናቴ ከአስከሬኑ አጠገብ አልነሣም ስላለች እኔን ጠሩኝ።

«አራት ዓመት አብረኸው የኖርከው አንተ ነህ» አሉኝ። «እኔ በልጅነቱ ነው የማውቀው። እንዴት ያለ ሰው ነበር? አንድ ሁለት ነገር ስጠኝ።»

ጥሩ ሰው ነበር አልኩ። ይህ ለሁሉም ይባላል፣ ሌላ ንገረኝ አሉኝ። ያን ጊዜ ቃል መጣልኝ፤ የመጣው ግን ከደብተሬ ነው። ሥራ ላይ ያንጎራጉር ነበር አልኳቸው፤ ድምፁ መንገደኛ ያቆም ነበር። የሰፈሩ ሕፃናት መንገድ ላይ ይጠብቁት ነበር፤ ከረሜላ ይዞላቸው ይመጣ ነበር።

ዋሸሁ። ስናገረው ግን ውሸት አልመሰለኝም። አንድ ወር ሙሉ ከዚያ ሰውዬ ጋር ስኖር ነበርና።

አልቃሿ ከመሀል ገብተው ጀመሩ። ከእንግዲህ በጣሪያው ላይ ማን ያዜማል ብለው ገጠሙ። ሕፃናቱን ግቡ በሏቸው፣ የሚጠብቁት ሰው ዛሬ አይመጣም ብለው ገጠሙ። ግቢው በአንድ ድምፅ ጮኸ። ወንድሜን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሴቶች ደረታቸውን ደቁ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ለአፍታ ደስ አለኝ። ሰዉ አመነልኝ አልኩ በሆዴ።

እናቴ ማልቀሷን አቆመች። ቀና ብላ አልቃሿን አየቻቸው፤ ከዚያ ሰው እንደጠፋባት ዙሪያውን አየች።

«ይኼ የማን ልጅ ነው?» አለች።

ሴቶቹ ደረታቸውን መድቃት ተዉ።

«የኔ ልጅ አይዘፍን። ድምፅም የለው። የማንን ልጅ ነው የምታለቅሱልኝ?»

ኀዘኑ አእምሮዋን ነሣት ተባለ። ውሃ አቀመሷት፣ በነጠላ አራገቡላት። ጤነኛ መሆኗን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለልጇ ልታለቅስ ብትቀመጥ ሌላ ሰው አመጣሁባት። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ከወንዶቹ ጋር ቆሜ መሬት መሬቱን አየሁ። ካህናቱ መጡ፣ ፍትሐቱ ተደረሰ፣ አስከሬኑ ወጣ፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ወንድሜ ተቀበረ። ከዚያ ወዲያ እናቴ አላለቀሰችም። ሴቶቹ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ ይሏታል፤ እሷ ግድግዳውን ታያለች።

በማግስቱ ማለዳ ወደ አልቃሿ ቤት ሄድኩ። ቀኑ አርብ፣ በክበቡ የማነብበት ቀን መሆኑ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው። ቅዳሜ ሠልስቱ ነበር፤ ለቀስተኛው እንደገና ሲሰበሰብ ያንኑ ሰውዬ ደግመው ሊያለቅሱለት ነው።

ደጃፋቸው ላይ ብቅል አስጥተው በእጃቸው ይገለብጣሉ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ክበቡ። ከብቅሉ ቀና አላሉም።

«ትንሽ ማሳመር ያለ ነው» አሉ። «እኔም አሳምራለሁ። አንተ ግን ሌላ ሰው ነው ያመጣህብኝ። ስንት ዓመት ሳለቅስ፣ ይኼ የማን ልጅ ነው ያለኝ እናት የለም።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ነገ ሠልስት ነው፤ ይቅርታው ምን ያደርግልኛል? ቁጭ በልና ንገረኝ።»

የጠየቁኝ ነገር መምህራችን ካስጻፈን ጋር አይመሳሰልም። እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጥ ነበር? ሲያመው ይናገራል ወይስ ይደብቃል? ከገበያ ሲመለስ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? አላውቅም፣ አላውቅም፣ አላውቅም አልኩ። አላውቅም ባልኩ ቁጥር ብቅሉን አንዴ ይገለብጡና ሌላ ይጠይቁኛል። አብሬው ኖሬ ይህን ያህል አለማወቄን አላውቅም ነበር። ቀስ እያለ ግን ጥቂት ጥቂት መጣ። ሲናደድ አይናገርም፤ መጋዙን አውጥቶ ይሞርዳል። ሞባይል ከገዛ ሦስት ወሩ ነበር፤ ሲደወልለት ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ታላቅ ሰው ፊት እንዳለ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚያወራው።

«በየት በኩል ይተኛ ነበር?» አሉኝ።

«አልጋችን አንድ ነው። እሱ ከዳር፣ እኔ ከግድግዳው በኩል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ለምን?»

«ማለዳ ስለሚወጣ ነዋ። በግድግዳው በኩል ቢተኛ በላዬ ላይ መሻገር...» ብዬ አቆምኩ። እስኪጠይቁኝ ድረስ ለምን ብዬ አላውቅም። ጫማውን እንኳ በእጁ ይዞ ወጥቶ ደጅ ነበር የሚያደርገው። አራት ዓመት ሙሉ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም።

አልቃሿ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ለእኔ የነገርከኝን መጀመሪያ ለእናትህ ንገራት አሉኝ።

እናቴ መደቡ ላይ ነበረች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ትናንት በሙሾው የተባለው ሁሉ ከእኔ እንደመጣ፣ የፈጠርኩት ሰው እንደሆነ ነገርኳት። ስለ አልጋው ነገርኳት። ስለ መጋዙም። እየተንተባተብኩ ነው፤ አንዱን ጀምሬ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ስለ ስልኩ ስነግራት ፊቷን አዞረችልኝ።

«እዚህ ጎረቤት ስልክ ላይ ለኔ ሲደውልም ቆሞ ነበር?»

«ቆሞ ነበር።»

«ትናንት ሲወጣ ቁርስ በልቶ ነበር?»

በልቶ ነበር ልላት እችል ነበር። ቂጣውን በሻይ በልቶ ወጣ ብላት ደስ ይላት ነበር፤ ቃሉም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም እማ» አልኳት። «ተኝቼ ነበር።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ወንድሜን በስሙ እየጠራች ማልቀስ ጀመረች።