የላይኛው ፎቅ ፒያኖ

ሐምራዊ ሰደርያ የለበሱት አሮጊት ለአንዲት ልጅ ዲጂታል ፒያኖ ሊመርጡ መጥተው ቁልፎቹን አልነኩም። ሻጯ ቦራም ስትጫወት እሳቸው ይንበረከኩና መዳፋቸውን ወለሉ ላይ ያሳርፋሉ።

«ይኼ ድምፁ ወደ ታች አይወርድም፤ ሌላ አሳዪኝ፣ ልጄ።»

ቦራም ግራ ገባት። ሴኡል ውስጥ ፒያኖ የሚገዛ ሁሉ የሚጠይቃት ጸጥ ያለውን ነው።

«እማማ፣ ታች ያሉት ጎረቤቶችዎ እንዳይቆጡ ይኼኛው ይሻልዎታል።»

«ታች ያለሁትማ እኔ ነኝ» አሉ፣ ጉልበታቸውን እያሹ። «ልጅቷ ከበላያችን ነው የምትኖረው። ባለቤቴ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ትንሽ እንቅልፍ ያግኝ ብዬ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደብኩት። ወጥቼም እናቷን ተናገርኳት። ፒያኖውን ሸጡት።»

«ለበሽተኛ ብለው አይደል እንዴ?»

«እሱማ ‹ያቺ ልጅ ዛሬም ዝም አለች?› እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። እኔ ነኝ ያስቆምኳት ሳልለው ሞተ።»

ቦራም ድምፁ ሞላ ያለውን ፒያኖ ከፍታ ዝቅተኛዎቹን ቁልፎች ተጫነች፤ አሮጊቷ መዳፋቸውን ሳያነሡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ አሁን ልጅቷ ትጫወትልዎታለች?»

«እንጃ፣ ልጄ። ሊፍት ውስጥ ካገኘችኝ እንኳ ኮቴዋ እንዳይሰማ በእግሯ ጣቶች ጫፍ ነው የምትራመደው።»